በ80፣ በ100 ወይስ በ130? አንድ ሊትር ነዳጅ ስንት ደቂቃ ይገዛላችኋል?

ረጅም መንገድ ሊወጣ የተሰናዳ ሰው ጎማውን ያያል፣ ዘይቱን ይለካል፣ ማደያ ገብቶ ታንከሩን ይሞላል። በስንት ፍጥነት እንደሚሄድ ግን አስቦ የሚወስን ሰው ብዙ አላየሁም። መንገዱ ገላጣ ከሆነ ይለቀዋል፣ ከተጨናነቀ ይይዘዋል፣ በቃ። እኔም ለዓመታት የነዳሁት እንደዚያ ነው። መኪና ሳንቀይር፣ ጋራዥ ሳንገባ፣ አምስት ሳንቲም ሳንከፍል ልንቀንሰው የምንችለው ትልቁ የነዳጅ ወጪ ያለው ግን እዚያው ቀኝ እግራችን ሥር ነው።

ስለዚህ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን ላስቀምጥና የትኛው ለማን እንደሚሻል ልንገራችሁ። የራሴንም ምርጫ አልደብቅም። በገላጣ አውራ ጎዳና ላይ፣ ሕጉ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ቢፈቅድ እንኳ፣ በተራ የቤት መኪና ከ90 እስከ 100 ባለው ውስጥ እሄዳለሁ። የሚያስቸኩል ነገር ካለ 110። ከዚያ በላይ የምሄደው በጣም የተቸገርኩ ቀን ብቻ ነው። ምክንያቱን ከታች በቁጥር ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ንፋሱ

ልጅ ሆኖ ጋቢና ተቀምጦ መዳፉን በመስኮት ያላወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። መኪናው ቀስ ሲል ንፋሱ ጣታችሁን ይዳስሳል እንጂ አይገፋም። ፍጥነቱ ሲጨምር እጅ ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል፣ ክርናችሁን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ካላስደገፋችሁት አይቆምላችሁም። ያ እንግዲህ የአንዲት መዳፍ ስፋት ነው። መኪናው ግን ሙሉ ፊቱን፣ መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ሆዱን ሳይቀር ይዞ ነው እዚያ ንፋስ ውስጥ የሚገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ሲሄድ የሚታገለው በዋናነት ሁለት ነገር ነው፣ የጎማ መንከባለልና የአየር ግፊት። የጎማው ትግል ፍጥነት ቢጨምርም ብዙ አይለወጥም። የአየሩ ግን በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፣ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ፍጥነታችሁን ከ60 ወደ 120 እጥፍ ስታደርጉት አየሩ የሚገፋችሁ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ከ100 ወደ 120 ስትወጡ ፍጥነቱ የጨመረው 20 በመቶ ነው፣ የአየሩ ግፊት ግን 44 በመቶ። 130 ላይ ደግሞ ከ100ው በ69 በመቶ ይበልጣል። ተራ የቤት መኪና 80 አካባቢ ሲደርስ ከሚታገለው ነገር ከግማሽ በላዩ አየር ሆኗል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ነዳጅ በአብዛኛው አየር መግፊያ ነው።

«እንዲህ ከሆነ በ40 ብሄድ ነዋ የሚሻለኝ!» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሞተር መኪናው ቢሄድም ባይሄድም ለራሱ የሚበላው ነዳጅ አለ። ፒስተኖቹን ለማንቀሳቀስ፣ ፓምፖቹን ለማዞር፣ ባትሪውን ለመሙላት። በዝግታ ስትሄዱ ያ ወጪ በጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ ይከፋፈላል፣ ትልቁን ማርሽ ለማስገባትም ፍጥነቱ አይበቃም። ስለዚህ በጣም ቀስ ማለትም ያስወጣል፣ በጣም መሮጥም ያስወጣል። ለአብዛኛው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ትንሹ ፍጆታ የሚገኘው ትልቁ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ ሳይጨነቅ በሚሄድበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ በ60 እና በ80 መካከል ይወድቃል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴርም ለሾፌሮች የሚሰጠው ምክር ተመሳሳይ ነው፣ በሰዓት ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ፍጆታው ቶሎ ቶሎ ይጨምራል ይላል።

አሁን ምርጫውን በሊትርና በደቂቃ

200 ኪሎ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ መንገድ እናስብ። ቁጥሩ ለምሳሌ የወሰድኩት ነው፣ መካከለኛ የቤንዚን መኪና ላይ ያለውን የአየርና የጎማ ትግል አስልቼ ያወጣሁት ግምት። የእናንተ መኪና ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

በ80፦ 10.4 ሊትር፣ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ
በ100፦ 12.4 ሊትር፣ 2 ሰዓት
በ110፦ 13.6 ሊትር፣ 1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ
በ120፦ 15 ሊትር፣ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ
በ130፦ 17 ሊትር፣ 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው «በ130 ስሄድ ከ80ው አንድ ሰዓት ያህል ቀድሜ እደርሳለሁ» የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ ይደርሳል። እኔ ግን በየደረጃው ለየብቻ እንድታዩት ነው የምፈልገው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው።

ከ80 ወደ 100 ስትወጡ 2 ሊትር ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ታተርፋላችሁ። አንድ ሊትር 15 ደቂቃ ገዛችሁበት ማለት ነው። ጥሩ ግዢ ነው፣ እኔ እገዛዋለሁ። ከ100 ወደ 110 ስትወጡ አንድ ሊትር የሚገዛው ወደ 9 ደቂቃ ይወርዳል። ይሄም ለቸኮለ ሰው ያስኬዳል። ከ110 ወደ 120፣ 6 ደቂቃ ተኩል። ከ120 ወደ 130 ስትወጡ ግን 2 ሊትር አቃጥላችሁ የምታገኙት 8 ደቂቃ ነው። አንድ ሊትር ለ4 ደቂቃ! አንድ ቦታ ቆማችሁ ሻይ ብትጠጡ ያቺ 8 ደቂቃ ሳታውቋት ትሄዳለች፣ ነዳጁ ግን አይመለስም።

በዚያ ላይ ይህ ስሌት መንገዱ ሁሌም ክፍት ነው ብሎ ነው። በ130 የሚሄድ ሰው ግን 130ን ይዞ አይቆይም። ከባድ መኪና ፊቱ ይገባል፣ ፍሬን ይይዛል፣ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ይረግጣል። ፍሬን በያዘ ቁጥር ነዳጅ አቃጥሎ ያመጣውን ፍጥነት ፍሬኑ ላይ ሙቀት አድርጎ ይጥለዋል። በ100 የሚሄደው ሰው ከፊቱ ካሉት ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ እግሩን ላላ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ በእውነተኛው መንገድ ላይ የ130ው ትርፍ ደቂቃ ከ8 ያንሳል፣ ወጪው ከ2 ሊትር ይበልጣል።

80ን ለማን እመክራለሁ? ጊዜ ላለው፣ ዕቃ ለጫነ፣ ታንከሩ ሊያልቅ ለቀረበና ማደያ ለራቀበት። መብራቷ በርታባችሁ የሚቀጥለው ማደያ ሩቅ ከሆነ የሚያደርሳችሁ ቀስ ማለት ነው። «ሳያልቅ ልድረስ» ብሎ መርገጥ መንገድ ላይ ያስቀራል። ነገር ግን ሌላው ሁሉ በ120 በሚበርበት መንገድ ላይ በ70 መጎተት አደጋ አለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ከኋላ የሚመጣውን ሰው አታስደንግጡት። ቀኛችሁን ይዛችሁ፣ ከከባድ መኪኖቹ ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት ሂዱ።

ሕጉ ያስቀመጠው ወሰን

የፍጥነት ወሰን ጣሪያ ነው። ብዙ ሰው ግን 120 የሚል ምልክት ሲያይ 120 መሄድ ግዴታው ይመስለዋል። ግዴታ አይደለም፣ በአብዛኛው አገር ከወሰኑ ዝቅ ብሎ መሄድ፣ መንገድ እስካልዘጋ ድረስ፣ የሾፌሩ ምርጫ ነው።

መንግሥታትም ነዳጅ ሲቸግራቸው ቶሎ ዝቅ የሚያደርጉት ይህንኑ ወሰን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ጊዜ ምዕራብ ጀርመን በአውቶባኖቿ፣ ማለትም በትልልቅ አውራ ጎዳናዎቿ ላይ ለጥቂት ወራት የ100 ኪሎ ሜትር ወሰን አድርጋ ነበር። አሜሪካ ደግሞ በጥር 1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ሕግ በመላ አገሪቱ 55 ማይልን፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማን ጣሪያ አደረገች። ያ ሕግ በ1987 ከከተማ ውጭ ላሉ ትልልቅ መንገዶች ላላ ተደረገ፣ በ1995 ጭራሹኑ ተነሣ። በነዚያ ዓመታት ሩቅና ገላጣ መንገድ ባለባቸው ግዛቶች ብዙ ሾፌር ወሰኑን አላከበረውም፣ የተጠበቀውን ያህል ነዳጅ ያልተረፈበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። ስፔን በ2011 ከመጋቢት እስከ ሰኔ መጨረሻ 120ውን ወደ 110 ዝቅ አድርጋ መልሳዋለች። በ2022 ደግሞ ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ባወጣው ባለ 10 ነጥብ ዕቅድ ላይ የመጀመሪያው ነጥብ በአውራ ጎዳና ላይ ቢያንስ በ10 ኪሎ ሜትር ዝቅ ማለት ነበር። በበለጸጉት አገሮች ከቤት መኪና በቀን ወደ 290 ሺህ በርሜል፣ ከከባድ መኪና ሌላ 140 ሺህ በርሜል ያድናል ብሎ ገምቶ ነበር። 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እንግዲህ። ኔዘርላንድስም በ2020 ቀን ቀን ወሰኗን ወደ 100 አውርዳለች፣ የእሷ ምክንያት ግን ከነዳጅ ይልቅ የናይትሮጅን ብክለት ነው።

እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ያቺ 10 ኪሎ ሜትር ዛሬም በእጃችሁ ናት።

ከተማ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው

ከተማ ውስጥ በ30 እና በ50 ወሰን መካከል የሚሟገቱ ሰዎች አሉ። «በ30 ስሄድ በሁለተኛ ማርሽ ነው፣ ነዳጅ ይበላብኛል» ይላሉ። ምንም ሳይቆሙ በእኩል ፍጥነት ቢሄዱ ልክ ናቸው፣ 50 በትልቅ ማርሽ ከ30 በትንሽ ማርሽ ይሻላል። ግን ከተማ ውስጥ ሳይቆም የሚሄድ ማነው? ነዳጁን የሚበላው መነሣትና መቆሙ ነው። አንድን መኪና ወደ 50 ለማድረስ የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 30 ለማድረስ ከሚያስፈልገው 2.8 እጥፍ ያህል ነው። በሁለት መቶ ሜትር ውስጥ የሚቆም ሰው ያንን ሁሉ ጉልበት አምጥቶ ወዲያው ፍሬን ላይ ይጥለዋል። ትምህርት ቤትና እግረኛ ባለበት ሰፈር ደግሞ የ30 ወሰን የተቀመጠው ሰው እንዳይሞት ነው። እዚያ የነዳጅ ሒሳብ አናነሣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። የወቅቱን ፍጆታ የሚያሳይ ስክሪን ያለው መኪና ካላችሁ፣ ቀይ መብራት ከሩቅ ስታዩ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው አንሡና ማርሹን ሳታወጡ ተዉት። ቁጥሩ 0.0 ይላል። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፣ እውነቱን ነው። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ገብቶ እግር ሲነሣ ነዳጅ መርጨቱን ጨርሶ ያቆማል፣ የሚያዞረው የመኪናው የራሱ ጉዞ ነው። አሁን በተመሳሳይ ቦታ ማርሹን አውጡት። ቁጥሩ ከዜሮ ይነሣል፣ ምክንያቱም ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ መዞር አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ነዳጅ ይፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መንከባለል ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ከድሮ ካርቡሬተር ዘመን የቀረ ነው። ከዚያ ይልቅ ፍሬናችሁን ያግላል፣ መኪናውንም ከቁጥጥር ያወጣል። እባካችሁ ተዉት።

መብራት ላይ ደግሞ፣ አጠገባችሁ ቆሞ የነበረው ሰው ሲበራ ተፈትልኮ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ቀይ ላይ ታገኙታላችሁ። ሁለታችሁም እኩል ደረሳችሁ። ያው የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው እየረገጡና እየያዙ መንዳት በአንድ ሊትር የምትሄዱትን ኪሎ ሜትር በተጨናነቀ መንገድ ላይ ከ10 እስከ 40 በመቶ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ለከተማ ሾፌር የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ስለ ከፍተኛው ፍጥነት አትጨነቁ፣ ስለ ፍሬኑ ተጨነቁ።

መኪናችሁ ምን ዓይነት ነው?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዝቅተኛ የቤት መኪና ነው። ረጅም መኪና፣ ሚኒባስ፣ ፒክአፕ ያለው ሰው ግን ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ንፋሱ ቀድሞ ይይዘዋል፣ ከ100 ወደ 120 ስትወጡ የምትከፍሉት ከእኔ ምሳሌ ይበልጣል። ለእንዲህ ዓይነት መኪና 90ን እመርጣለሁ።

ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫንም እንደዚሁ ነው። ትልቅና ፊቱ ደልዳላ የሆነ ሳጥን ጣሪያ ላይ ሲታሰር ከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 በመቶ ብቻ የሚጎዳውን በ105 እና በ120 መካከል ስትሄዱ ከ10 እስከ 25 በመቶ ያደርሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው ሳጥኑ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ባዶውን ታስሮ የሚከርም ሳጥን ካላችሁ ዛሬውኑ አውርዱት። ዕቃው ከኋላ ውስጥ ከገባ አስገቡት፣ የግድ ጣሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሱ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ሰዎች ነገሩን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ሞተሩ ቆሞ የሚበላው ነገር ስለሌለው በዝግታ መሄድ አያስወጣውም፣ ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ ስለዚህ ከተማ ውስጥ ጎበዝ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ግን ያው ንፋስ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ የፍጥነት ምርጫ ሌላ መልክ አለው። በ120 ሄዳችሁ መንገድ ላይ 30 ደቂቃ ቻርጅ ለማድረግ ከምትቆሙ፣ በ100 ሄዳችሁ ሳትቆሙ ብትገቡ ልትቀድሙ ትችላላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ሁለቱንም አስሉት። በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው ሃይብሪድም በከተማ ውስጥ ጥቅሙ ትልቅ ነው፣ በ130 ላይ ግን ከተራ ቤንዚን መኪና ያለው ልዩነት በጣም ይጠባል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ምርጫዎች

መስኮት ወይስ ኤሲ? ከተማ ውስጥ መስኮት፣ አውራ ጎዳና ላይ መስኮቱን ዘግቶ ኤሲ። ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘው ክሩዝ ኮንትሮል ወይስ እግር? ሜዳ ላይ ክሩዝ፣ ምክንያቱም እግር ሳናውቀው ይከብዳል፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ላይ ግን እግር ይሻላል፣ ክሩዝ ፍጥነቱን ላለመጣል ዳገቱ ላይ ይረግጣል። የጎማ ንፋስ ደግሞ በወር አንዴ ይታይ፣ የላላ ጎማ በማንኛውም ፍጥነት ይጎትታል።

ንፋስ ፊት ለፊት የሚነፍስበት ቀን ሌላ ጉዳይ ነው። 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ንፋስ ፊታችሁን እየመታ በ100 ስትሄዱ፣ መኪናው አየሩን የሚገጥመው በ130 ነው። እንደዚያ ያለ ቀን 10 ቀንሱ። ነዳጁ ለምን ቶሎ አለቀ ብላችሁ መካኒክ ጋ ከመሄዳችሁ በፊትም የዛፎቹን ቅርንጫፍ እዩ።

በራሳችሁ መኪና ለክታችሁ እዩት

የእኔን ቁጥር አምናችሁ እንድትወስኑ አልፈልግም። ደጋግማችሁ የምትሄዱበት ረጅም መንገድ ካለ እዚያ ላይ ሞክሩት። ማደያ ገብታችሁ አስሞሉ፣ ቀጂው መጀመሪያ «ቀጭ» ሲል ይቁም፣ ከዚያ በላይ አታስጨምሩ። የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉ። በ100 ሂዱና በዚያው መንገድ ተመለሱ። ደርሶ መልስ የምላችሁ ዳገቱና ንፋሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳያታልላችሁ ነው። እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ፓምፕ ላይ፣ እንደገና እስከ መጀመሪያው «ቀጭ» አስሞሉ። የገባውን ሊትር ለሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር አካፍሉና በ100 አባዙት፣ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር የሚበላው ሊትር ያ ነው። ሌላ ቀን ተመሳሳይ ሰው፣ ተመሳሳይ ዕቃ ጭናችሁ በ120 ድገሙት፣ መንገዱ ከፈቀደ።

ፍጥነቱን ግን ከዳሽቦርዱ ሳይሆን ከስልካችሁ ጂፒኤስ ውሰዱት። በብዙ አገር የሚሠራው ደንብ ዳሽቦርዱ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ እንዳያሳይ ይከለክላል፣ ከፍ ማድረግን ግን በመጠኑ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ አብዛኛው መኪና ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው። 100 የሚለው መርፌ በጂፒኤስ 95 ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሊትርና ሁለቱን የደረሳችሁበት ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉና የሊትሩን ልዩነት በሰፈራችሁ የነዳጅ ዋጋ አባዙት።